የጌም ሠሪዎች ገበያ፦ የሚተዋወቁበት፣ የሚማሩበት፣ የሚዋዋሉበት

የይፋትን ቆላ የሚያውቅ ሰው የሰንበቴን የእሑድ ገበያ ያውቃል። ከሸዋ ሮቢት ተነስቶ በደሴ መንገድ ወደ ሰሜን የሚጓዝ መንገደኛ ጀውሃን ካለፈ በኋላ አስፋልቱ በሰውና በከብት ተጨናንቆ ያገኘዋል። አፋሩ ግመሉንና ፍየሉን፣ ኦሮሞው ሰንጋውን፣ አርጎባው ሸማውን፣ ከደጋ የወረደው አማራ እህሉን ይዞ አንድ ሜዳ ላይ ይውላል። ገበያተኛው የሚሄደው ለመሸጥና ለመግዛት ብቻ አይደለም። የሰሞኑን ዋጋ ለመስማት፣ የራቀ ዘመድ ለመጠየቅ፣ ለመጪው ወቅት ደንበኛ ለመያዝም ይሄዳል።

የቪዲዮ ጌም የሚሠሩ ሰዎችም እንዲህ ያለ የገበያ ቀን አላቸው፤ የጌም ሠሪዎች ጉባኤ ይባላል። በሸዋ ሮቢት ስልኩ ላይ ጌም የሚጫወት፣ ፕሌይስቴሽን ቤት ተራውን የሚጠብቅ ወጣት ብዙ ነው። ጌሙን ማን እንደሚሠራው፣ ሠሪው የሥራውን ዋጋ ከማን እንደሚያገኝ፣ አዲስ ሰው ወደ ሙያው በየት በኩል እንደሚገባ የሚነግረው ግን የለም። የሦስቱም ጥያቄ መልስ በዚህ ጉባኤ ውስጥ ይገኛል።

ከሳሎን የተነሳ ጉባኤ

እ.ኤ.አ. በ1988 ክሪስ ክሮፎርድ የተባለ አሜሪካዊ የጌም ንድፍ ባለሙያ ካሊፎርኒያ ውስጥ ሳን ሆዜ በሚገኘው ቤቱ ሳሎን ወደ 27 የሚጠጉ የሙያ ጓደኞቹን ሰበሰበ። በዚያን ጊዜ ጌም ሠሪ ማለት አብዛኛውን ጊዜ ብቻውን ወይም ከሁለት ሦስት ሰው ጋር ክፍሉን ዘግቶ የሚሠራ ሰው ነበር። ሌላው ምን እንደሚሠራ፣ በምን እንደተቸገረ፣ ጌሙን ለገበያ ከሚያቀርበው አሳታሚ ጋር በምን ዋጋ እንደተዋዋለ የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። የሳሎኑ ስብሰባ ይህን አጥር አፈረሰው።

ያ ስብሰባ አድጎ የጌም ዴቨሎፐርስ ኮንፈረንስ፣ በአጭሩ ጂዲሲ በመባል ታወቀ። በየዓመቱ በፈረንጆች ማርች ወር በሳን ፍራንሲስኮ ሞስኮኒ ማዕከል ለአምስት ቀናት ይካሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2024 ወደ 30 ሺህ የሚጠጋ ሰው ተገኝቶበታል። ዓመታዊ ገቢው ከ180 ቢሊዮን ዶላር በላይ የሚገመተው የዓለም የጌም ኢንዱስትሪ ብዙ የንግድ ንግግሩ የሚጀመረው በእንዲህ ያሉ መድረኮች ነው።

ጉባኤውን ከሌሎች የጌም ዝግጅቶች መለየት ያስፈልጋል። ጀርመን ኮሎኝ ከተማ የሚካሄደው ጌምስኮም በዋናነት ለተጫዋቾች የተከፈተ ትልቅ ትርኢት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ብቻ 335 ሺህ ያህል ጎብኚ አስተናግዷል። ሎስ አንጀለስ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1995 የተጀመረው ኢ3 ደግሞ ትልልቅ ኩባንያዎች አዲስ ጌማቸውን ለጋዜጠኛና ለነጋዴ የሚያሳዩበት ነበር። ኩባንያዎቹ ማስታወቂያቸውን በኢንተርኔት በቀጥታ ለተጫዋቹ ማድረስ ሲጀምሩ ጉልበቱ ደከመ፤ በ2023 መጨረሻ እስከ ወዲያኛው መዘጋቱ ታወጀ። የሠሪዎቹ ጉባኤ ግን እስከ ዛሬ ቆይቷል። ማስታወቂያ በስክሪን ይደርሳል፤ ሙያና ትውውቅ ግን ፊት ለፊት መቀመጥ ይፈልጋል።

ውስጡ ምን አለ?

በጉባኤው ጎን ለጎን የሚካሄዱ ሦስት ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው ትምህርት ነው። በየአዳራሹ የኮድ ባለሙያው፣ ሠዓሊው፣ የድምፅ ባለሙያው፣ ታሪክ ጸሐፊው ለሙያ ጓደኛው ልምዱን ያካፍላል። ከሁሉ የሚወደደው ሠሪዎች ስላለቀ ሥራቸው ተነስተው ምን እንደተሳካላቸው፣ ምን እንደተበላሸባቸው ሳይደብቁ የሚናገሩበት ክፍለ ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ጃፓናዊው ቶሩ ኢዋታኒ በ1980 ስለወጣው ፓክማን አፈጣጠር በዚሁ መድረክ ተናግሯል። በሌሎች ሙያዎች ምስጢር ተብሎ የሚቆለፍ እውቀት እዚህ ለሺዎች ይነገራል።

ሁለተኛው የትርኢት አዳራሹ ነው። መሣሪያና ሶፍትዌር የሚሸጡ ኩባንያዎች ድንኳናቸውን ይተክላሉ፤ በአንድ ጥግ ደግሞ ከትልልቅ ኩባንያዎች ውጪ በራሳቸው አቅም የሚሠሩ ቡድኖች ጌማቸውን ለአላፊ አግዳሚው ያስሞክራሉ። እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ የሚሰጠው የኢንዲፔንደንት ጌምስ ፌስቲቫል ሽልማት የተዘጋጀው ለእነዚህ ነው።

ሦስተኛው ቀጠሮ ነው፤ የጉባኤውም ልብ ይኸው ነው። ከጉባኤው ሳምንታት ቀደም ብሎ ሠሪው ለአሳታሚዎችና ለባለሀብቶች መልእክት ይልካል፤ አንድ ጠረጴዛና ግማሽ ሰዓት ያህል ጊዜ ይመደብለታል። ልምድ ያለው ሠሪ ጠረጴዛው ላይ ሲቀርብ ንግግር አያበዛም። ስልኩን ወይም ላፕቶፑን ከፍቶ ጌሙን በእንግዳው እጅ ያስይዘዋል፤ ከዚያ ዝም ይላል። ዓይኑ ስክሪኑ ላይ አይደለም፤ የእንግዳው ጣት ላይ ነው። ጣቱ የት እንደሚያመነታ፣ የትኛውን ቁልፍ ፍለጋ እንደሚንከራተት፣ ስንት ጊዜ ወድቆ እንደገና እንደሚጀምር ያያል። እንግዳው «አንዴ ልድገመው» ካለ ሥራው ራሱ ተናግሯል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ሦስት ነገር ይጠየቃል፦ ስንት ሰው ሆናችሁ ትሠራላችሁ? ለመጨረስ ስንት ወር ቀራችሁ? ስንት ብር ይበቃችኋል? ለእነዚህ ቁርጥ ያለ መልስ የሌለው ሰው ጌሙ ቢያምርም ባዶ እጁን ይመለሳል።

ቀጠሮ የሚይዘው ሁሉ አዳራሽ ውስጥ አይገኝም። የሙሉ መግቢያ ዋጋው እ.ኤ.አ. እስከ 2025 ድረስ ከ2 ሺህ ዶላር በላይ ስለነበረ፣ ብዙ ወጣት ሠሪዎች ከማዕከሉ ፊት ለፊት ባለው የዬርባ ቡዌና መናፈሻ ሣር ላይ፣ ወይም በሆቴሎች እንግዳ መቀበያ ተቀምጠው ሰው ሲያገኙ ኖረዋል። በአስተናጋጅነት በጎ ፈቃደኛ ሆነው የሚገቡም ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2023 እና በ2024 በያንዳንዱ ዓመት ከ10 ሺህ በላይ የጌም ሠራተኞች ከሥራ ስለተሰናበቱ፣ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ሥራ ፈላጊውም በዝቷል።

አፍሪካና ኢትዮጵያ

የአፍሪካ ሠሪዎች በዚህ ገበያ ዘግይተው ቢገቡም ገብተዋል። የካሜሩኑ ኪሮኦ ጌምስ አውሪዮን የተባለውን በአፍሪካ ተረት ላይ የተመሠረተ ጌም እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው በኢንተርኔት ከሕዝብ ባሰባሰበው ገንዘብና ከግለሰብ ባለድርሻዎች ባገኘው ካፒታል ነው። ደቡብ አፍሪካ ኬፕ ታውን የሚካሄደው አፍሪካ ጌምስ ዊክ ደግሞ የአህጉሩን ሠሪዎች ከውጭ አሳታሚዎች ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ያገናኛል።

ከእኛ አገር በዚህ መንገድ ስሙ የሚነሳው በዳዊት አብርሃም የተመሠረተው ቅኔ ጌምስ ነው። «ኩኩሉ» የተባለው ጌሙ ከሚያሳድዳት ሰው የምትሸሽ ዶሮ የሚያሯሩጥ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2018 የአፕስአፍሪካን ሽልማት በመዝናኛ ዘርፍ አግኝቷል። ድርጅቱ ገበጣንም ወደ ስልክ አምጥቶታል። እ.ኤ.አ. በ2022 የአሥር አገር ስቱዲዮዎች ፓን አፍሪካ ጌሚንግ ግሩፕ በሚል ስም ሲጣመሩ ኢትዮጵያን የወከለው ይኸው ቅኔ ነው። ለብቻው ሲቀርብ የማይደመጥ ትንሽ ስቱዲዮ፣ አሥር ሆኖ ሲቀርብ ወንበር ይሰጠዋል።

የገበጣው ነገር ጠለቅ ብሎ መታየት አለበት። በየሃ እና ዛሬ ኤርትራ ውስጥ ባለው በመጠራ ድንጋይ ላይ ተቦርቡረው የተገኙት የገበጣ ጉድጓዶች ከክርስቶስ ልደት በኋላ ከ6ኛው እስከ 7ኛው ክፍለ ዘመን የሚደርስ ዕድሜ ይሰጣቸዋል። የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 በኢትዮጵያና በአፍሪካ ቀንድ ስላሉ የገበጣ ዓይነቶች ሰፊ ጥናት አሳትመዋል፤ የጉድጓዱ ረድፍም ሕጉም ከቦታ ቦታ እንደሚለያይ አሳይተዋል። አሳታሚ በጉባኤ ጠረጴዛ ላይ የሚፈልገው ከዚህ በፊት ያላየውን ሕግና ዓለም ነው። ያ ደግሞ በቤታችን አለ።

ከሸዋ ሮቢት እስከ ጉባኤው

ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ርቃ በምትገኘው ሸዋ ሮቢት የሚኖር ወጣት ሳን ፍራንሲስኮ ለመድረስ ቪዛ፣ ዶላርና የአውሮፕላን ትኬት ያስፈልገዋል። ኬፕ ታውንም ቢሆን ቪዛ ይጠይቃል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ወጪው በብር ሲቆጠር ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ከዚህ ሌላ የኢንተርኔት ችግር አለ፤ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. አንስቶ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። በኢንተርኔት የሚማር ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቀዋል።

ቢሆንም ቤት ሆኖ የሚጀመር ነገር አለ። የጂዲሲ የቀድሞ ዓመታት ንግግሮች በብዛት ያለ ክፍያ ይታያሉ፤ ኔትወርክ ባለበት ቀን አውርዶ ከጓደኛ ጋር በፍላሽ መቀባበል ይቻላል። ጎዶት የተባለው የጌም መሥሪያ ሶፍትዌር ነፃ ነው፤ በአሮጌ ኮምፒውተር ላይ ይሠራል፤ አንድሮይድ ስልክ ላይ የሚጫን ዓይነትም አለው። በጥር አካባቢ የሚካሄደው ግሎባል ጌም ጃም ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በመላው ዓለም ያሉ ሰዎች በአንድ ርዕስ ላይ በጥቂት ቀናት ውስጥ ትንሽ ጌም ሠርተው የሚጨርሱበት ነው። አዳራሽ፣ መብራትና ኢንተርኔት ያለው ተቋም ጣቢያ ሆኖ መመዝገብ ይችላል።

ስለዚህ ለደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ፣ በሸዋ ሮቢትና በአጣዬ ላሉ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆችና የወጣት ማዕከላት ጥሪ አለኝ። በዓመት አንድ ጊዜ አንድ አዳራሽ ክፈቱ፤ የይፋትን ልጆች ለሁለት ቀን አሰባስቡ፤ የሠሩትን ሕዝብ መጥቶ ይሞክረው። ጂዲሲም የተጀመረው በ27 ያህል ሰውና በአንድ ሳሎን ነው። ለወጣቶቹ ደግሞ የምለው ይህን ነው፦ በወረቀት የቀረ ትልቅ ሐሳብ ገበያ አይወጣም። አያቶቻችሁን የአካባቢያችሁን የገበጣ ሕግ ጠይቁ፤ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ፣ በአምስት ደቂቃ የሚያልቅ አንድ ጌም ጀምራችሁ ጨርሱ።