ደጓሹ ሲሞት መሣሪያው ቀረ
በሐረር ጀጎል የታየ፣ ሙያን በራስ ዕቅድ የመማር ምሳሌ

ለገበያ ወደ ሐረር የወጣ ገበሬ ከአምስቱ ጥንታዊ በሮች በአንዱ አልፎ ወደ ጀጎል ቢዘልቅ፣ የራስ ተፈሪ ቤት እየተባለ በሚጠራው ፎቅ ቤት ውስጥ አንድ ሙዚየም ያገኛል። ሙዚየሙን ያቋቋሙት የከተማው ተወላጅ አቶ አብዱላሂ ዓሊ ሸሪፍ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1998 በገዛ መኖሪያ ቤታቸው ከፈቱት፤ በ2007 ደግሞ ወደ አሁኑ ቤት ተዛወረ። በውስጡ በመቶዎች የሚቆጠሩ የእጅ ጽሑፎች፣ ገንዘቦች፣ አልባሳትና የቆዩ የሐረሪ ዘፈኖች ቅጂ ይገኛሉ። ለገበሬ ማኅበር መሪ ግን ከዕቃዎቹ ይልቅ ሰውየው ሙያቸውን ያገኙበት መንገድ ይበልጥ ሊያነጋግረው ይገባል።

ሐረር በቀድሞው ዘመን በመጻሕፍት ድጉስ የታወቀች ነበረች። ወረቀቱ ከባሕር ማዶ፣ አብዛኛውም ከኢጣሊያ በነጋዴ እጅ ይመጣል፤ መጻፉና መደጎሱ ግን የከተማው ሰው ሥራ ነበር። ደጓሹ ቆዳውን በገበታው ላይ ወጥሮ በማተሚያ ብረት ሐረግ ያሳርፍበታል፤ ከጀርባው የሚታጠፍ ክዳንም ይሠራለታል። እ.ኤ.አ. በ1855 ከተማዋን የጎበኘው እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን እንኳ ስለ ሌላው ነገር ብዙ ክፉ ሲጽፍ ድጉሱን አድንቋል።

ይህ ሙያ ሊጠፋ ደርሶ ነበር። የመጨረሻው ባለሙያ ከቢር ዓሊ ሼክ እ.ኤ.አ. በ1993 ሲሞቱ ቦታቸውን የተካ ሰው አልነበረም። የቀረው በቤታቸው የተቀመጠው መሣሪያ ብቻ ነበር።

አቶ አብዱላሂ በዚያን ጊዜ መጻሕፍት ሰብሳቢ እንጂ ደጓሽ አልነበሩም። የሰበሰቡት መጽሐፍ ግን ጥራዙ እየተፈታ፣ ቆዳው እየተላጠ አስቸገራቸው። ምን እንደጎደላቸው የነገራቸው ሥራው ራሱ ነው። የከቢር ዓሊን መሣሪያ ተመለከቱ፤ ከእርሳቸው ሥር ሠርተው የነበሩትን ፈልገው ምክራቸውን ተቀበሉ፤ በአገር ቤት ያላገኙትን ደግሞ በአዲስ አበባና በሞሮኮ ተማሩ። ከዚያ ተመልሰው ያረጁትን መጻሕፍት በቀድሞው ዘዴ መጠገንና መደጎስ ያዙ። ይህን ልብ ይሏል። ርቀው ለመማር ቢሄዱም አጠገባቸው ያለውን ሰው መጠየቅ አልተዉም።

በገበሬ ማኅበር በኩል ነገሩ ብዙ ጊዜ የሚሄደው በተቃራኒው ነው። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ መሬት ማከፋፈሉንና የመሬት ክርክር መዳኘቱን በማኅበራቱ ላይ ሲጥል፣ ከተመራጮቹ ብዙዎቹ ፊደል ያልቆጠሩ ነበሩ። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የተጀመረው በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ ያሉትን ዓመታት ሊቀመንበሩ የማያነበውን ቃለ ጉባኤ በጣት አሻራ እያጸደቀ፣ ጸሐፊውን እያመነ አሳለፈ። ጸሐፊው ደግ ከሆነ ደህና፤ ካልሆነ ግን ማኅበሩ ለፍርድ የሚቀርብበትን ወረቀት ራሱ አትሞ ሊሰጥ ይችላል።

ዛሬም በብዙ ቦታ በልማድ ገበሬ ማኅበር በሚባለው ቀበሌና በኅብረት ሥራ ማኅበራት ዘንድ ሥልጠና የሚታቀደው ከላይ ነው። ጥሪው ይመጣል፣ ነፃ የሆነ ሰው ይላካል። አንዳንዴም ትምህርቱ ከመጠየቁ በፊት አበሉ ይጠየቃል! ከላይ የሚመጣው ሥልጠና ሁሉ ከንቱ ነው ማለት አይደለም፤ የማዳበሪያ አጠቃቀምን ወይም አዲስ ሕግን ሌላ ማን ያስተምራል? ነገር ግን አንድ መሪ ባለፈው ዓመት ሦስት ጊዜ የተቸገረበትን ሥራ ከእርሱ በላይ የሚያውቅ መሥሪያ ቤት የለም። አንዱን ያስቸገረው የሒሳብ መዝገብ ይሆናል፤ ሌላውን የወሰን ክርክር ማስታረቅ፤ ሌላውን ደግሞ በማሽላው ላይ የወጣ ያልታወቀ በሽታ።

ለዚህ አንድ ደብተር ይበቃል። የተቸገረበትን ሥራ በአንድ ወገን ይጽፋል፣ ያን ሥራ የሚያውቀውን ሰው ስም በሌላው። የቀድሞው ገንዘብ ያዥ ሽማግሌ ሊሆን ይችላል፤ የቀበሌው የልማት ሠራተኛ ሊሆን ይችላል። ከሐረር ወደ ድሬዳዋ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው የሐሮማያ ዩኒቨርሲቲም በማሽላና በድንች ዝርያ ላይ የቆየ ምርምር ያለው፣ በ1940ዎቹ ዓ.ም. በኮሌጅነት የጀመረ ተቋም ነው። በሽታ የያዘውን ተክል ይዞ የሚመጣ ገበሬ ጥያቄው ግልጽ ስለሆነ መልሱም ይቀላል። ጊዜውንም መቁረጥ ያስፈልጋል፤ ማሽላ ሲታጨድና ሲወቃ ትምህርት የለም፣ ከውቂያ በኋላ ግን ሳምንቱ ሰፊ ነው። አርሶ እንደሚያድር ሰው፣ የማይዘራበትን ጊዜ ያላወቀ የሚማርበትን ጊዜም አያገኝም።

ደብተሩ ሌላም ነገር ያሳያል። ስሞቹ ሲቆጠሩ፣ የማኅበሩን የወሰን ምልክቶች ሁሉ የሚያውቁት አንድ ሽማግሌ ብቻ ሆነው ሊገኙ ይችላሉ፤ የመጋዘኑን ሒሳብ የሚያውቀውም አንድ ሰው ብቻ። እንዲህ ያለው መሥመር በቀይ ይሰመርበታል፤ በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤም ከሽማግሌው ጋር ወሰኑን በእግሩ የሚዞር አንድ ወጣት በስም ይመረጣል።