ቆሞ የሚበላ መኪና

ንፋስ መውጫ ውስጥ የትኛው መኪና ባትሪው እንደደከመ ለማወቅ ኮፈን መክፈት አያስፈልግም፤ አቋቋሙ ይናገራል። አፍንጫውን ወደ ቁልቁለቱ አዙሮ፣ ከፊት ጎማው ሥር ድንጋይ ተወትፎለት ያደረ መኪና ጠዋት የሚነሳው በሞተሪኖ አይደለም። ረዳቱ ድንጋዩን ይስባል፣ ሾፌሩ ፍሪሲዮን ረግጦ ይንደረደራል፣ ሁለተኛ ማርሽ ላይ ይለቀዋል፤ ሞተሩ ጥቁር ጭሱን ተፍቶ ይነሳል። አገሩ ተራራ ስለሆነ ቁልቁለት አይጠፋም። ሜዳ ላይ ከጠፋ ደግሞ ሰው አለ። አፄ ቴዎድሮስ ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነውን መድፋቸውን ሴባስቶፖልን ከጋፋት አንስተው ወደ መቅደላ ያስጎተቱት በዚሁ በጋይንት፣ በጨጨሆ በኩል አድርገው ነውና ፒካፕ መግፋት ለዚህ አገር ሰው ብርቅ አይሆንም።

እኔ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ። ከወረታ ተነስቶ በደብረ ታቦር፣ በክምር ድንጋይ፣ በንፋስ መውጫና በጋሸና አድርጎ ወልድያ የሚወጣው፣ ቻይናዎች በደርግ ዘመን የሠሩት መንገድ ዳር ነው እንጀራዬ። ከአርብ ገበያ፣ ከስማዳ ወገዳና ከእስቴም የሚመጡ አሉ። የሚመጣው መኪና አብዛኛው ከእኔ ጋር እኩያ ነው፤ አንዳንዱ ይበልጠኛል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የግል አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ተከለከለ። ያለውን አሮጌ መኪና አጥብቆ የያዘ ሰው ታዲያ አይፈረድበትም። ሞተሩን ያሳድሰዋል፣ ቀለሙን ያስቀባዋል። ሽቦውን ግን የሚያየው የለም፤ ሽቦ የሚታየው ሲጨስ ነው።

ባለመኪናው ሲመጣ አንድ ዓይነት ነገር ነው የሚናገረው፤ "ባትሪዬ ሞተ፣ ደህና ባትሪ ጠቁመኝ።" ባትሪ ከመጠቆሜ በፊት የምጠይቀው ሲውል ነው ወይስ ሲያድር የሚሞተው ብዬ ነው። ቀኑን ሲነዳ ውሎ ማታ ላይ አልነሳ የሚል መኪና ዲናሞው አይሞላም ማለት ነው። አቁመውት ሲያድር የሚሞት ከሆነ ቁልፉ ተነቅሎም ከረንት የሚበላ ነገር አለው። ዲናሞው እየሞላ፣ የሚበላም ነገር ሳይኖር በአንድ ሌሊት የሚወርድ ከሆነ ያኔ ባትሪውን ራሱን እጠረጥራለሁ። ይህችን ጥያቄ ሳይጠይቁ አዲስ ባትሪ የሚያስገዙ አሉ። አዲሱ ባትሪ ለጥቂት ወር ችግሩን ይሸፍነዋል፣ ከዚያ እሱም እንደ አሮጌው ይሆናል። የመኪና ባትሪ ለአፍታ ብዙ ከረንት ሰጥቶ ወዲያው እንዲሞላ የተሠራ ነው። ባዶውን ውሎ ባደረ ቁጥር የእርሳስ ሳህኖቹ ላይ የሚጋገረው ሰልፌት ይጠነክርና ቻርጅ አልቀበልም ይላል።

ታኅሣሥ ላይ የመጣ አንድ አሮጌ ናፍጣ ሃይሉክስ አለ። ባለቤቱ ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው፤ በገበያ ቀን እህል ይጭናሉ፣ በንግሥ በዓል ሰው ያደርሳሉ፣ ለድጓ ምስክር ወደ ጋይንት ቤተ ልሔም የሚወርዱ ደቀ መዛሙርት ሳይቀሩ ይሳፈሩላቸዋል።

"ልጄ፣ ባትሪው ገና ዓመት አልሞላውም፤ ሻጩ ሸውዶኛል" አሉኝ።

"አንቱ፣ መቼ ነው የሚያስቸግርዎት? ሲውል ነው ሲያድር?"

"ከገበያ ገበያ ስሠራ ምንም አይል። ሁለት ቀን አቁሜው ሦስተኛው ቀን ላይ ቁልፍ ስሰጠው ጢቅ ይልና ዝም።"

እዚህ ላይ መልሱ ግማሹ አለቀ። ባትሪውን ሞልቼ መኪናው እኔ ዘንድ እንዲያድር አደረግሁ። ጠዋት መስታወቱ ላይ ውርጭ ተጋግሯል። ንፋስ መውጫ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍ ብላ ነው የተቀመጠችው፤ ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ሌሊት ለባትሪ ጠላት ነው። በዜሮ ዲግሪ የእርሳስ ባትሪ ከሚይዘው ውስጥ የሚሰጠው አራት አምስተኛውን ያህል ነው፤ የሞተር ዘይቱ ደግሞ ወፍሮ ሞተሪኖውን ይበልጥ ያስጨንቃል። ስለዚህ ቆላ ላይ በግማሽ ባትሪ የሚነሳ መኪና እዚህ አይነሳም።

የመጀመሪያው ሥራ እጅ ነው። ኮፈኑን ከፍቼ ምንም ሽቦ ሳልነካ መዳፌን በየዕቃው ላይ አሳርፋለሁ፤ ሪሌዎቹ ላይ፣ ፊውዝ ሳጥኑ ላይ፣ ሞተሪኖው ላይ፣ ዲናሞው ላይ። ሞተሩ ብረቱ እንደ በረዶ ይፋጃል። የዲናሞው ጀርባ ግን ለብ ብሏል። ሌሊቱን ሙሉ የቆመ መኪና ለብ የሚል ነገር ሊኖረው አይገባም።

እጄን አምኜ ግን ዕቃ አልፈታም፤ ቴስተር አለ። ቴስተሩን 10 አምፒር ላይ አድርጎ በባትሪው ነጌቲቭና በገመዱ መካከል ማስገባት ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይቸኩላል። ገመዱን መጀመሪያ ነቅሎ ቴስተሩን ቀጥሎ ካገናኘ፣ ተጣብቆ የነበረ ሪሌ በመሀል ሊለቅ ይችላል፤ ሌባው ይሰወርና ቴስተሩ ንጹሕ ቁጥር ያሳያል። እኔ አንዱን ጫፍ ባትሪው ራስ ላይ፣ ሌላውን ገመዱ ማሰሪያ ላይ ካስያዝሁ በኋላ ነው ማሰሪያውን ቀስ ብዬ የማነሳው፤ ከረንቱ አንዴም አይቋረጥ። በር ክፍት ከሆነ የጋቢና መብራት ይበራል፣ እሱም ይቆጠራል፤ ስለዚህ የበሩን የመብራት ማብሪያ በፕላስተር እጫነዋለሁ። ከዚህ በኋላ ማንም ሞተር ለማስነሳት ቁልፍ እንዳይሰጥ፤ ሞተሪኖው በመቶዎች የሚቆጠር አምፒር ይስባል፣ የቴስተሩ ፊውዝ ወዲያው ይቃጠላል። ቁልፉን ኪሴ ውስጥ የማስቀምጠው ለዚህ ነው፤ ቆሞ የሚያይ ሰው "እስቲ ልሞክረው" ማለት ይወዳል።

ቴስተሩ 0.6 አምፒር አሳየ። ለቆመ መኪና እስከ 0.05 ድረስ ደህና ነው ይባላል፤ ኮምፒውተር የሌለው እንዲህ ያለ አሮጌ ቶዮታ ግን ከሰዓቱና ከሬዲዮው በቀር የሚመግበው ስለሌለው ከ0.02 ሊዘል አይገባም። ባለ 70 አምፒር-ሰዓት ባትሪ በ0.6 ሲበላ አምስት ቀን ሳይሞላው ባዶ ይሆናል። ለብርድ ጠዋት ግን ግማሹ መጉደሉ ይበቃል። የሰውዬው "ሦስተኛው ቀን" ከሒሳቡ ጋር ገጠመ።

ፊውዞቹን አንድ በአንድ እየነቀልሁ ቴስተሩን አየሁ። የሬዲዮው ሲነቀል ትንሽ ወረደ፣ የሌሎቹ ምንም አላመጣም። በፊውዝ በኩል የማያልፈው ምንድን ነው? የሞተሪኖው ወፍራም ገመድና የዲናሞው ገመድ። ባትሪውን ለያይቼ የዲናሞውን ወፍራም ሽቦ ፈታሁ፣ ጫፉን በላስቲክ ጠቅልዬ ቴስተሩን መለስሁ፤ 0.01።

ዲናሞ ውስጥ ስድስት ዋና ዳዮድ አለ፤ ሦስቱ በፖዘቲቭ፣ ሦስቱ በነጌቲቭ ወገን። ዳዮድ በአንድ ወገን ብቻ የሚከፈት በር ነው፤ ከዲናሞ ወደ ባትሪ ያሳልፋል፣ ሲመለስ ይዘጋል። የዲናሞው ሽቦ በቁልፍ የሚቋረጥ ስላልሆነ ሌሊቱን ሙሉ ባትሪውን የሚጠብቀው ይህ በር ብቻ ነው። አንዱ ወገን ብቻ ቢደክም ሌላኛው ብዙውን ጊዜ ይይዘዋል። የዚህ ሃይሉክስ ግን ከሁለቱም ወገን ደክሞ ነበር። ዲናሞው ቀን ይሞላል፣ የመሙያ መብራቱም በሥርዓቱ ይጠፋል፤ ስለዚህ ማንም አልጠረጠረውም።

ዕቃው ከባሕር ዳር በአውቶቡስ እስኪመጣ ድረስ ነገሩ ሲከነክነኝ ቆየ፤ ሁለቱን ወገን አንድ ላይ ምን ገደላቸው? ሰውዬውን ስጠይቃቸው ሳይሸሽጉ ነገሩኝ። ባትሪው ሲደክም ከጎረቤት ኤሱዙ አንዱን ባትሪ ተውሰው ያስነሳሉ። ሞተሩ ከተነሳ በኋላ፣ እየሠራ ሳለ፣ የተዋሱትን ነቅለው ለባለቤቱ ይመልሱና የራሳቸውን ይገጥማሉ። ናፍጣ ሞተር ባትሪ ቢነቀልበትም አይጠፋም፤ ስለዚህ ምንም የተበላሸ አይመስልም። በዚያች ቅጽበት ግን ዲናሞው ሲመግበው የነበረው ባትሪ ድንገት ይጠፋበታል፤ 14 ቮልት የነበረው ከእጥፍ በላይ ይዘላል። ይህን መጀመሪያ የሚቀበሉት ዳዮዶቹ ናቸው።

በዚህ ሙያ ደጋግሜ የማየው ይህንን ነው። ለደከመ ባትሪ የተዘየደው ዘዴ ራሱ ባትሪ የሚበላ ጥፋት ያመጣል። መጀመሪያ የደከመው ምናልባት ያረጀ ባትሪ ብቻ ይሆን ነበር። ውሰት መጣ፤ ውሰቱ ዳዮዱን አደከመው፤ የደከመው ዳዮድ አዲሱን ባትሪ በላው፤ ባትሪው ስለተበላ እንደገና ውሰት። ሻጩ ያለ ጥፋቱ ተረገመ።

ማታ ማታ የባትሪ ገመድ ነቅሎ ማደርም እንዲሁ ነው። ይህን የሚያደርጉ ሾፌሮችን አልሳደብም፤ ዕቃ መግዣ ላጣ ሰው ፒንሳ ይዞ ገመድ መንቀል ጥሩ መላ ነው። ነገር ግን የእርሳስ ማሰሪያው በየቀኑ ሲከፈትና ሲጠበቅ ይሰፋል። ከዚያ በጠጠር መንገድ ላይ ሞተሩ እየሠራ ይነካካል፣ ይለቃል፣ ይነካካል። ያ ደግሞ ባትሪውን በእጅ ከመንቀል አይለይም፤ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚሆን ግን የሚያውቅ የለም። ነቅሎ ለማደር ለወሰነ ሰው ነጌቲቩ ላይ ደህና ማቋረጫ ማብሪያ እገጥምለታለሁ። አንድ ነገር ግን አስጠነቅቃለሁ፤ የሚበላው ነገር ፊውዝ በሌለው ሽቦ በኩል ከሆነ ቀንም ይግላልና እሳት እስኪያመጣ መጠበቅ የለበትም።

ስለ ኤሱዙ ካነሳሁ፣ የእነሱ ጣጣ ሌላ ነው። ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪ ተቀጣጥሎ 24 ይሰጣል። ቴፑ፣ የስልክ ቻርጀሩ፣ በንግሥ ቀን የሚታሰረው ድምፅ ማጉያ 12 ቮልት ይፈልጋል፤ ስለዚህ ከአንደኛው ባትሪ ላይ ብቻ ሽቦ ይጠለፋል። ዲናሞው ሁለቱን እኩል ይመግባል፣ የሚበላው ግን አንዱ ነው። የተጠለፈው ሁልጊዜ ጎደሎ ይሆናል፣ ያልተጠለፈው ከልክ በላይ ተሞልቶ ውኃው ይፈላል። ባለቤቱ የሞተውን አንዱን ብቻ ይቀይራል፤ አሮጌና አዲስ ተጎራብተው ነገሩ ከመጀመሪያው ይብሳል። ከ24 ወደ 12 የሚቀይር ትንሽ ኮንቨርተር ገጥሞ ጠለፋውን መቁረጥ ከአንድ ባትሪ ዋጋ በብዙ ያንሳል፤ የሚሰማኝ ግን ሁለተኛ ባትሪ የገዛ ሰው ነው።

አዲሶቹ መኪኖች ላይ ፊውዝ እየነቀሉ መፈለግ አያዋጣም። ፊውዝ ሲነቀልና ሲመለስ ያንቀላፋ ኮምፒውተር ይነቃና ቁጥሩን ያበላሸዋል። እነሱ ላይ መኪናውን ቆልፎ እስኪያንቀላፋ ጠብቆ፣ ፊውዙን ሳይነቅሉ በሁለቱ ራሶቹ ላይ ሚሊቮልት መለካት ይሻላል፤ ከረንት የሚያልፍበት ፊውዝ ላይ ትንሽም ቢሆን ቁጥር ይገኛል። እዚህ አገር ግን እንዲህ ያለ መኪና ገና ጥቂት ነው።

የሃይሉክሱ ዳዮድ ተቀይሮ ቴስተሩ 0.02 ላይ ሲረጋ ሰውዬው ዋጋ ከመጠየቃቸው በፊት "እና ከእንግዲህ ባትሪ ሲደክም ልገፋ ነው?" አሉኝ። አይገፉም። ከሌላ መኪና ባትሪ ጋር በካቦ አያይዘው ነው። ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ፣ የመጨረሻው ነጌቲቭ ከባትሪው ራቅ ብሎ ባዶ የሞተር ብረት ላይ፤ ባትሪ ሲሞላ የሚወጣው ጋዝ ብልጭታ አይወድም። ከተነሳ በኋላ ካቦውን ወዲያው አለመንቀል፤ ጥቂት ደቂቃ ሁለቱም እንደተያያዙ ይሥራ፤ ሊነቅሉ ሲሉ የጋቢናውን ንፋስ ማራገቢያ ያብሩ፣ ዲናሞው የሚመግበው ነገር ይኖረዋል። ሃይሉክስን በአንድ ባለ 12 ባትሪ ብቻ እንጂ በኤሱዙው 24 ፈጽሞ አያስነሱ። ካቦ ሲገዙ ደግሞ ውፍረቱን አይመኑ። ገበያ ላይ ያለው ብዙው ላስቲኩ ወፍራም፣ መዳቡ ግን እንደ ክር የሳሳ ነው፤ ገና ሞተሪኖው ሳይዞር ይግላል። ሻጩ ፈቅዶ ጫፉን ልጦ ካላሳየዎት ሌላ ሱቅ ይሂዱ አልኋቸው።