አልታደስም አልወገድም ስለሚል የኮምፒዩተር ፕሮግራም

ከጎንደር ከተማ እስከ ደባርቅ ደጋ ባሉት ትምህርት ቤቶች የምታስተምሩ መምህራን፣ ኮምፒዩተራችሁ ፕሮግራም አላድስም ባለ ጊዜ ተበላሽቶአል ብላችሁ አትጣሉት። አስቀድማችሁ ቀኑን ተመልከቱ።

ኮምፒዩተር መብራት በጠፋ ጊዜ ቀን የሚቈጥረው ሳንቲም በምታህል ባትሪ ነው፤ እርስዋ ያለቀች እንደ ሆነ ቀኑ ወደ ኋላ ይመለሳል። ደግሞ አንዳንድ ሰው በእኛ አቈጣጠር 2018 ብሎ ይሞላዋል፤ ኮምፒዩተሩ ግን ይህን በፈረንጅ አቈጣጠር ስለሚወስደው፣ እስከ ታኅሣሥ ማለቂያ ግድም 7፣ ከዚያም ወዲያ 8 ዓመት ወደ ኋላ ቀረ ማለት ነው።

ይህ ዕድሳትን ስለ ምን ይከለክላል ቢሉ፣ ዕድሳት በኢንተርኔት የሚመጣው እንደ ማኅተም ያለ ምስክር ይዞ ነው፤ በዚያም ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ይጸናል የሚል ቃል አለበት። ቀኑ የተሳሳተበት ኮምፒዩተር ምስክሩን ጊዜው ገና አልደረሰም ብሎ ይመልሰዋል። ቀኑና ሰዓቱ ሲቀና ዕድሳቱ ይገባል።

አልወገድም የሚል ፕሮግራም ግን ብዙ ጊዜ ተከፍቶ በሥራ ላይ ያለ ነው፤ ወይም ያዘዘው ሰው የአስተዳዳሪነት ሥልጣን የለውም፤ ወይም መብራት ጠፍቶ ሥራው ከእኩሌታ ቀርቶአል። እንዲህ ሲሆን የተማሪዎችን ውጤት በፍላሽ ገልብጦ ማስቀመጥ፣ ኮምፒዩተሩን አጥፍቶ ማብራት፣ ይህም ካልረዳ ያንኑ ፕሮግራም እንደ ገና ጭኖ በደንቡ ማስወገድ ነው። ፎልደሩን በእጅ መሰረዝ ግን አይገባም፤ ስሙ በኮምፒዩተሩ መዝገብ ተጽፎ ይቀራልና፣ አሮጌው ሳይወጣ ዐዲሱም እንዳይገባ ያሰናክላል።

ለትምህርት ቤት ዕቃ የምታዋጡ ሽማግሌዎችም ይህን ዕወቁ፤ በአንዲት ትንሽ ባትሪ የሚድነውን ኮምፒዩተር ሞተ ብሎ መጣል የሕዝብን ገንዘብ ማባከን ነው።