ስለ ድንች እናት ተክል አጠባበቅና ስለ ቁራጩ አወሳሰድ

ለአርሲ ደጋ ወረዳዎች ሹማምንትና ለባለ እርሻዎች የሚሆን ማብራሪያ

ድንች በደጋ አገር ከሚለሙት ምግቦች መካከል ፈጥኖ የሚደርስ፣ ስንዴውና ገብሱ ገና በማሳ ሳሉ የገበሬውን ቤት ከችግር የሚያወጣ ተክል ነው። ወደ ኢትዮጵያ የገባው እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በ1858 ገደማ ሲሆን፣ ያስገባውም ሺምፐር የተባለ የጀርመን አገር የዕፀዋት ሊቅ ነው። ከዚህ በታች የሚጻፈውም ዓመት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ነው። በሺርካ ወረዳ በጎበሳ አካባቢና በሌላውም የአርሲ ደጋ፣ ብርዱም ዝናሙም ለድንች የተስማማ ነው። ይሁን እንጂ ብዙ ገበሬ የደከመበትን ያህል ፍሬ አያገኝም፤ ከምክንያቶቹም ዋናው የዘሩ ድካም ነው።

ገበሬው ድንቹን በቈፈረ ጊዜ ትልልቁን ለገበያ ያወጣል፤ ደቃቃውን ለዘር ያስቀራል። ይህንም የሚያደርገው ገንዘብ ስለሚያስፈልገው ነውና ሊወቀስ አይገባውም። ነገር ግን ደቃቃው ድንች ብዙ ጊዜ ደቃቃ የሆነው የወለደችው ተክል በሽተኛ በመሆኗ ነው። ስለዚህ በየዓመቱ ጤነኛው እየተበላ፣ በሽተኛው እየተተከለ ይሄዳል። እናቲቱን አይተህ ልጂቱን አግባ የሚለው የአገራችን ተረት ለድንችም ይሠራል፤ ድንች በዐይኑ ሲተከል የእናቱን መልክና ጣዕም ብቻ ሳይሆን የእናቱንም ደዌ ይወርሳልና።

ንጹሕ ዘር አምጥቶ ለሁሉ ማደል ቀላል እንዳይመስል፣ የዘሩን ብዛት ማስተዋል ያሻል። አንድ ሄክታር መሬት በድንች ለመሸፈን 20 ኩንታል ያህል ዘር ይጠይቃል። የሆለታ እርሻ ምርምር ማዕከል በ2002 ጃለኔ፣ በ2006 ጉደኔ፣ በ2009 በለጠ የተባሉትን ምርጥ ዐይነቶች አውጥቶአል፤ ነገር ግን ከአንድ ኩንታል ዘር በአንድ ወቅት የሚገኘው ብዙ ጊዜ ከ10 ኩንታል ያነሰ በመሆኑ፣ ምርጡ ዘር ተባዝቶ ከገበሬው እጅ እስኪደርስ ብዙ ዓመት ይወስዳል፤ በየማሳውም ሲያልፍ በሽታ ያገኘዋል። ይህን መንገድ ለማሳጠር የተገኘው ብልሃት፣ ንጹሓን እናት ተክሎችን በቤት ውስጥ ጠብቆ ከጫፋቸው ቁራጭ እየወሰዱ ማባዛት ነው። በቬትናም የዳላት ገበሬዎች ይህን ሥራ ከጀመሩት ከዐርባ ዓመት በላይ ሆኖአል፤ በጎረቤታችን በኬንያም ዛሬ ይሠራበታል።

1ኛ፤ ስለ እናቲቱና ስለ ቤቷ

እናት የምትሆነው ተክል ከማሳ አትነቀልም፤ ከገበያ ከተገዛ ድንችም አትበቅልም። በምርምር ቤት በጠርሙስ ውስጥ ካደጉትና ከበሽታ ነጻ መሆናቸው ተመርምሮ ከታወቀው ቡቃያዎች ትወሰዳለች። ይህን የጠርሙስ ሥራ ባለሞያዎች ቲሹ ካልቸር ይሉታል።

ቤቷ በላይ ብርሃን በሚያስገባ ላስቲክ የተሸፈነ፣ በጐን በጥቅጥቅ መረብ የተጋረደ ይሁን። መረቡ መጥበቅ ያለበት ክሽክሽ የሚባለው ትንሽ ነፍሳት ቫይረስን ከተክል ወደ ተክል ስለሚያመላልስ ነው። በሩ አንድ ብቻ ይሁን፤ ቢቻልም ሁለት መዝጊያ በተከታታይ ይደረግበት። የሚገባ ሰው እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ ጫማውንም በመድኀኒት ውሃ ይንከር። አፈሩ በእንፋሎት የተቀቀለ ይሁን እንጂ ከማሳ የተዛቀ አይሁን። የሚጠጡትም ውሃ ከድንች ማሳ ሥር ከሚወርድ ቦይ አይቀዳ። ድንች፣ ቲማቲም፣ በርበሬ በቤቱ አጠገብ አይተከሉ፤ ወገናቸው አንድ ስለ ሆነ በሽታቸውም ይጋራልና።

2ኛ፤ ስለ ቁራጩ አወሳሰድ

እናቲቱ ተተክላ ከጠነከረች በኋላ ጫፏ ከሁለት ወይም ከሦስት ቅጠል ጋራ ይቈረጣል። ከታች አንድ ሁለት አንጓ መቅረት አለበት፤ ከዚያ አዲስ ቅርንጫፍ ይወጣልና። ምላጩ ከአንዷ እናት ወደ ሌላዋ ሲያልፍ በበረኪና ውሃ ይነከር፤ በምላጭና በእጅ ብቻ የሚተላለፍ ቫይረስ አለና።

የተቈረጠው ጫፍ በረጠበ ንጹሕ አፈር በትንንሽ ሣጥን ይተከላል። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ጥላና እርጥበት ያስፈልገዋል፤ ሥር የለውምና ፀሐይ ቶሎ ያደርቀዋል። በሁለት ሳምንት ገደማ ሥር ይሰዳል። ከዚያ ጥላውን ቀስ በቀስ እያነሡ ከፀሐይና ከነፋስ ጋራ ካለማመዱት በኋላ ወደ ዘር ማሳ ይወጣል። በውርጭ ወራት ግን አይወጣም። ከእንዲህ ያለው ችግኝ የሚገኘው ድንች ለዘር የሚሆን እንጂ በዚያው ዓመት ለድስት የሚሆን አይደለም።

3ኛ፤ ስለ እናቲቱ ዕድሜ

ሥራው ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በዚህ ነው። ድንች በጨቅላነቱ ቅጠሉ ነጠላና ክብ ያለ ነው። ሲያረጅ ቅጠሉ ተከፋፍሎ በአንድ ዘንግ ላይ ብዙ ሆኖ ይወጣል፤ ጫፉም ይቀጥናል፤ አንዳንድ ጊዜም እንቡጥ ወይም በብብቱ ትንሽ ድንች ያወጣል። ካረጀች እናት የተወሰደ ቁራጭ ሥር ሊሰድ ይችላል፤ ነገር ግን ማሳ በገባ ጊዜ ሳያድግ ቸኵሎ ጥቂት ደቃቃ ፍሬ አፍርቶ ይሞታል። ገበሬውም የሚያውቀው ከሦስት ወይም ከአራት ወር ድካም በኋላ ነው።

ስለዚህ በየሁለት ወይም በየሦስት ሳምንቱ ጫፏን በመቍረጥ በጨቅላነቷ እንድትቈይ ማድረግ ይገባል። በአገራችን ቀኑ ዓመቱን ሁሉ ወደ 12 ሰዓት ስለሚጠጋ፣ መብራት ያለው ቤት ሌሊቱን በመብራት አሳጥሮ ቀኑን ወደ 16 ሰዓት ቢያደርሰው እርጅናዋ ይዘገያል። ይህም ሁሉ ተደርጎ የእርጅና ምልክት በታየ ጊዜ፣ ምንም ለምለም ብትሆን፣ ተነቅላ በአዲስ ትተካ።

4ኛ፤ ተሰውሮ ስለሚኖር በሽታ

ድንችን ከሚያጠፉት ሁሉ ለደጋ ሹም የሚያሳስበው አጠውልግ ነው። በሞቃት አገር ተክሉ በድንገት ስለሚጠወልግ ማንም ያየዋል። በብርዳም ደጋ ግን ተክሉ ደኅና መስሎ በሽታውን በፍሬው ውስጥ ሊይዝ ይችላል። እንዲህ ያለው ዘር ወደ ወይና ደጋ ተሽጦ በወረደ ጊዜ ማሳውን ይገድላል፤ በሽታውም በአፈሩ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ የጎበሳ ብርድ ለዘር ንጽሕና ምስክር ሊሆን አይችልም።

የጠወለገ ተክል በተገኘ ጊዜ የሚጠረጠርበት ቀላል መንገድ አለ። ግንዱ ከሥሩ ተቈርጦ ንጹሕ ውሃ ባለው ብርጭቆ ውስጥ ቢንጠለጠል፣ አጠውልግ ከሆነ እንደ ወተት ያለ ክር ከቍርጡ ይፈሳል። ተሰውሮ ያለው ግን በምርምር ቤት ካልሆነ አይታወቅም።

5ኛ፤ የሥራው ሒሳብና የሹሙ ድርሻ

ለምሳሌ 300 እናቶች ያሉት ቤት በየሁለት ሳምንቱ ከእያንዳንዷ 3 ቁራጭ ቢወስድ በአንድ ዙር 900፣ በ6 ዙር 5,400 ይሆናል። የሚሞተው 400 ቢሆን 5,000 ችግኝ ይቀራል። እያንዳንዱ 10 ፍሬ ቢሰጥ 50,000 የዘር ድንች ይገኛል። በረድፍ መካከል 75፣ በተክል መካከል 30 ሳንቲ ሜትር ሲተው አንድ ሄክታር የሚይዘው 44,000 ያህል ስለ ሆነ፣ ይህ ከአንድ ሄክታር ያልፋል። ነገር ግን ከ300ዎቹ አንዲቱ በሽተኛ ብትሆን ይኸው ሒሳብ በሽታውን ለማባዛት ይሠራል፤ በምላጭና በውሃም ወደ ጎረቤቶቿ ትልካለችና።

ስለዚህ ሹሙ ቤቱን ሊጐበኝ በመጣ ጊዜ ስንት ቁራጭ ተወሰደ ብሎ ብቻ አይጠይቅ። በቍጥር ብቻ የሚመሰገን ሠራተኛ ያረጀችውን እናት ለመንቀል እጁ አይታዘዝለትም። በመዝገብ እነዚህ ይጻፉ፤ እናቲቱ ከየት መጣች፤ መቼ ተተከለች፤ መቼ ተመረመረች፤ መቼ ተነቀለች። መቼ እንደ ተነቀሉ ያልተጻፈባቸውና ለብዙ ጊዜ የቈዩ እናቶች ያሉበት ቤት ካለ ሥራው ይቁምና ይመርመር። እናቶችን በጊዜው ነቅሎ ቍጥሩ የወረደበትን ሠራተኛም ሹሙ ሊያመሰግነው ይገባል።

ባለ ሰፊ እርሻም ችግኙን ከተቀበለ በኋላ ባለፉት ሦስት ዓመታት ድንች ባልነካው፣ ስንዴ ወይም ገብስ በነበረበት ማሳ ይትከለው፤ በማሳው የታመመውን ሳይራራ ከነሥሩ ነቅሎ ያጥፋ፤ ለዘርም ከለምለሞቹ ላይ አስቀድሞ ምልክት አድርጎ የእነርሱን ፍሬ ያስቀር። አነስተኛው ገበሬ የሚተክለው ከእነዚህ ማሳዎች የሚወጣውን ነውና፣ እዚህ ላይ የሚደረግ ቸልታ ዋጋው የሚከፈለው ከእርሱ ጎተራ ነው።