ተራራው ሰጥሞ ቀለበቱ የሚቀርበት ባሕር

ከታሂቲ ዋና ከተማ ከፓፔቴ ተነሥቶ ወደ ሰሜን ምዕራብ የሚያቀና ባለሸራ ጀልባ ነፋሱን ከኋላው ያገኛል። በዚህ የደቡብ ፓስፊክ ክፍል ነፋሱ አብዛኛውን ጊዜ ከምሥራቅና ከደቡብ ምሥራቅ ይነፍሳል፤ መርከበኞችም ከጥንት ጀምሮ ጉዟቸውን የሚያቅዱት እሱን ተማምነው ነው። ደህና የሚሄድ ጀልባ በሰዓት 11 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ከውቅያኖሱ ወለል በታች ደግሞ የምድር ቅርፊት ራሱ ወደዚያው አቅጣጫ በዓመት 11 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይንፏቀቃል። እንግዲህ ጀልባው በአንድ ሰዓት የሚያልፈውን ርቀት ለመሄድ የምድር ቅርፊት 100,000 ዓመት ይፈጅበታል ማለት ነው።

ይህን ስሌት ያነሣሁት የሶሳይቲ ደሴቶች በሙሉ የተወለዱት ከአንድ ምድጃ ስለሆነ ነው። ከታሂቲ በስተ ደቡብ ምሥራቅ፣ ሜሄቲያ በምትባል ትንሽ ደሴት አካባቢ፣ ከምድር ጥልቀት ቅልጥ ዐለት ወደ ላይ ይገፋል። እሳቱ ያለው እዚያው ነው፤ የሚንቀሳቀሰው ከላዩ ያለው ቅርፊት ነው። እሳተ ገሞራው ከባሕር ወለል ተነሥቶ ደሴት ይሠራል፤ ከዚያ ቅርፊቱ ደሴቱን ተሸክሞ ይሄዳል፤ በለቀቀው ቦታ ሌላ ደሴት ይወለዳል። ስለዚህ ወደ ሰሜን ምዕራብ በሄድን ቁጥር የምናገኘው ደሴት እያረጀ ይመጣል። ከታሂቲ እስከ ቦራ ቦራ ያለው 260 ኪሎ ሜትር ገደማ በሸራ የአንድ ቀንና የአንድ ሌሊት መንገድ ነው፤ በቅርፊቱ ጉዞ ግን ከ2 ሚሊዮን ዓመት በላይ ነው።

ታሂቲ ገና ወጣት ናት። ከፍተኛው ተራራዋ ኦሮሄና 2,241 ሜትር ይደርሳል፤ ሸለቆዎቿ ጥልቅ፣ ገደሎቿ ስል ናቸው፤ የኮራል አጥሯም በአብዛኛው ከባሕር ዳርቻዋ ብዙ አይርቅም። ቻርልስ ዳርዊን እ.ኤ.አ. በኅዳር 1835 ቢግል በተባለችው መርከብ እዚህ ሲደርስ የ26 ዓመት ጎልማሳ ነበር። ተዳፋቱን ወጥቶ ወደ ማዶ ሲመለከት 17 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘውን ሞኦሬያን አየ፤ መካከሏ ላይ ተራራ፣ በተራራው ዙሪያ የረጋ ውሃ፣ ከውሃው ወዲያ ማዕበል የሚሰበርበት ነጭ መስመር። የተራራው ግርጌ ቀስ እያለ ቢሰጥምና ኮራሉ ግን ወደ ላይ ማደጉን ባያቆም ምን ይቀራል? ዳርዊን ይህን ሐሳብ የፀነሰው ደቡብ አሜሪካ ሳለ፣ እውነተኛ የኮራል አጥር በዓይኑ ከማየቱ በፊት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1842 ባሳተመው መጽሐፉ የሰጠው መልስ እስከ ዛሬ የክርክሩ መነሻ ነው። በመጀመሪያ ኮራሉ የደሴቱን ዳርቻ ይዞ ያድጋል፤ ደሴቱ ሲሰጥም በአጥሩና በየብሱ መካከል ውሃ ይገባል፤ በመጨረሻ ተራራው ከውሃ በታች ይቀርና ቀለበቱ ብቻውን ይቆማል። ይህ ቀለበት አቶል ይባላል፤ በውስጡ የሚታቀፈው ውሃ ደግሞ ላጉን።

ዳርዊን በሐሳቡ ያገጣጠመውን መርከበኛው በተራ ያየዋል። ከሞኦሬያ በኋላ ሁዋሂኔ ትመጣለች፤ ቀጥሎም ራያቴያና ታሃአ፣ ሁለት ደሴቶች በአንድ የኮራል አጥር ውስጥ። ቦራ ቦራ ስንደርስ የጥንቱ እሳተ ገሞራ ቅሪት የሆነው የኦቴማኑ ጫፍ 727 ሜትር ብቻ ነው፤ ላጉኑ ግን ሰፍቶ ዙሪያውን ይዞታል። ማውፒቲ ላይ ተራራው ከ400 ሜትር አይዘልም። ከዚያም ወደ ምዕራብ ርቆ ሞፔሊያ አለ፤ እዚያ ተራራ የለም።  ከፓፔቴ የተነሣ ሰው ነፋሱን ብቻ ተከትሎ የአንድን ደሴት ዕድሜ ከወጣትነቱ እስከ መስጠሙ ያያል ማለት ነው። በምድር ላይ ሥነ ምድር እንዲህ በግልጽ ተራ ይዞ የሚታይበት ሌላ ቦታ ጥቂት ነው።

ደሴቶቹ የሚሰጥሙት ከምድጃው የራቀው ቅርፊት እየቀዘቀዘና እየከበደ ስለሚወርድ ነው፤ የተራራው የራሱ ክብደትም ይጨመርበታል። አወራረዱ በዓመት ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች ነው።

የሚገርመው ከዚህ ሁሉ ጋር የሚታገለው ፍጡር መጠን ነው። አንድ የኮራል እንስሳ በአብዛኛው ከጥቂት ሚሊ ሜትር አይበልጥም፤ አንድ አፍና በዙሪያው የተደረደሩ ቀጫጭን እጆች ያሉት ለስላሳ አካል ነው። ከባሕሩ ውሃ ካልሲየምና ካርቦኔት እየወሰደ ከሥሩ የኖራ ድንጋይ ይሠራል። በሥጋው ውስጥ ደግሞ በዓይን የማይታዩ አልጌዎች ይኖራሉ፤ በፀሐይ ብርሃን ከሚያዘጋጁት ምግብ አብዛኛውን ለአስተናጋጃቸው ይሰጣሉ፤ ለኮራሉም ቀለሙን የሚሰጡት እነሱ ናቸው። አጥር የሚሠሩት ኮራሎች ብርሃን በደንብ ከሚደርስበት ጥልቀት በታች የማይበረቱት በዚህ ምክንያት ነው። ቅርንጫፍ የሚያወጡት ዝርያዎች በዓመት 10 ሴንቲ ሜትርና ከዚያም በላይ፣ ድቡልቡሎቹ 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ያድጋሉ። ንጹሕ ውሃና ምግብ በብዛት የሚያገኘው ማዕበሉ የሚመታው የውጪው ጠርዝ ስለሆነ፣ አጥሩ የሚበረታውም በዚያው በኩል ነው፤ በውስጥ በኩል አሸዋና ሙቀት ያዳክመዋል። የበቀቀን አፍ የመሰለ መንቁር ያላቸው ዓሦች ደግሞ ድንጋዩን እየፋቁ አልጌ ይበላሉ፤ የፈጩትንም ነጭ አሸዋ አድርገው ያስወጡታል። ቱሪስት በባዶ እግሩ ከሚሄድበት አሸዋ ብዙው በዓሣ ሆድ ያለፈ ነው።

የዳርዊን ሐሳብ በመሰርሰሪያ እስኪረጋገጥ ከመቶ ዓመት በላይ አለፈ። እንግሊዞች ከ1896 እስከ 1898 እ.ኤ.አ. በቱቫሉ ፉናፉቲ ላይ 340 ሜትር ያህል ቆፍረው ከኮራል ድንጋይ በቀር ምንም አላገኙም። መልሱ የመጣው በ1952 እ.ኤ.አ. ነው። አሜሪካኖች በማርሻል ደሴቶች በኤንዌታክ አቶል፣ ለኑክሌር ሙከራ ሲዘጋጁ፣ በአንደኛው ጉድጓድ ከ1,260 ሜትር በላይ፣ በሌላኛው 1,400 ሜትር ገደማ ቆፍረው ባዛልት አገኙ። ከአንድ ኪሎ ሜትር የሚበልጠው ድንጋይ ሁሉ የኮራልና የመሰሎቹ ሥራ ነበር። ክርክሩ ግን አልተዘጋም። አንድሬ ድሮክስለርና ስቴፋን ዦሪ በ2021 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጽሑፍ የዛሬዎቹ አቶሎች ጎድጓዳ ቅርጽ የመጣው በበረዶ ዘመናት ባሕሩ ሲወርድ የዝናብ ውሃ የተጋለጠውን የኖራ ድንጋይ ከመካከሉ ስላሟሟው ነው ብለዋል። እኔ ሁለቱን እንደ ተቀናቃኝ አላያቸውም፤ መስጠሙ ድንጋዩን አወፈረው፣ ዝናቡ ደግሞ መልኩን ቀረጸው ብሎ ማሰቡ ለማስረጃው የቀረበ ይመስለኛል።

ከታሂቲ በስተ ሰሜን ምሥራቅ ያሉት ቱዋሞቱ ከ70 የሚበልጡ አቶሎች ናቸው። ትልቁ ራንጊሮዋ ላጉኑ ወደ 80 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። ፈረንሳዊው መርከበኛ ቡጋንቪል በ1768 እ.ኤ.አ. አካባቢውን አደገኛው የደሴቶች ስብስብ ብሎታል፤ አልተሳሳተም። የአቶል የብስ ከባሕር በላይ ጥቂት ሜትር ብቻ ስለሆነ ከሩቅ የሚታየው የኮኮናት ዛፍ ነው፤ እሱ በታየበት ሰዓት ደግሞ አጥሩ ቀርቧል።

ወደ ላጉኑ የሚያስገባው በአጥሩ ላይ ያለ ክፍተት ነው፤ የመርከበኛውም ትልቁ ፈተና እዚያ ላይ ነው። ከደቡብ የሚመጣ ትልቅ ማዕበል በአጥሩ ላይ እየዘለለ ላጉኑን ይሞላዋል፤ የገባው ውሃ የሚወጣው በዚያ በጠባቡ በር ብቻ ነው። የንግሥ በዓል አብቅቶ ሕዝቡ በአንድ በር ሲወጣ እንደሚሆነው ግፊያው በሩ ላይ ይበረታል። ከውጪ የሚነፍሰው ነፋስ ይህን ወጪ ውሃ ፊት ለፊት ሲገጥመው ማዕበሉ አጥሮና ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ትንሽ ጀልባ መቆጣጠር ያቅተዋል። ልምድ ያለው ካፒቴን ውሃው ጋብ የሚልበትን ሰዓት ይጠብቃል፤ ፀሐይዋም ከፍ ብላ ከኋላው እንድትሆን ያደርጋል። ያኔ ጥልቁ ጥቁር ሰማያዊ፣ አሸዋማው ፈዛዛ አረንጓዴ፣ ከውሃው ወለል ሥር የተደበቀው ኮራል ቡናማ ሆኖ ይታየዋል፤ ፀሐይ ከፊት ከሆነች ግን ሁሉም ነጸብራቅ ብቻ ነው። በፋካራቫ ደቡባዊ በር ተመራማሪዎች እስከ 700 የሚደርሱ ግራጫ ሻርኮች ቆጥረዋል፤ በሰኔና በሐምሌ ሙሉ ጨረቃ ለመራባት የሚሰበሰቡት ዓሦች ይመግቧቸዋል።

ወደ ታሂቲ ሲመለሱ ደግሞ የባሕሩ ከፍና ዝቅ ማለት ጠባይ ሌላ ነው። በአብዛኛው ዓለም ባሕሩ ከፍ የሚልበት ሰዓት ጨረቃን ተከትሎ በየቀኑ ይዘገያል። በታሂቲ የጨረቃ ስበት ውጤት እጅግ ደካማ ስለሆነ ባሕሩ ፀሐይን ይከተላል፤ ከፍ የሚለው ዘወትር ቀን 6 ሰዓትና ሌሊት 6 ሰዓት ገደማ ነው፤ ልዩነቱም 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው።

ፖሊኔዥያውያን ይህን ባሕር ያለ ኮምፓስ ያውቁት ነበር። የከዋክብትን መውጫና መግቢያ፣ የማዕበልን አቅጣጫ፣ ማታ ወደ የብስ የሚመለሱ ወፎችን ያነብባሉ። የአናአ አቶል ላጉን አረንጓዴነቱ በደመና ሆድ ላይ ስለሚንጸባረቅ ደሴቱ ሳይታይ ደመናው ይታያል። የራያቴያው ቱፓያ በ1769 እ.ኤ.አ. ከካፒቴን ኩክ ጋር ተሳፍሮ ከ70 በላይ ደሴቶች ያሉበት ካርታ አስቀርቷል። አውሮፓውያን ምሁራን ይህን ዕውቀት ለረጅም ጊዜ ሲጠራጠሩት ኖሩ። በ1976 እ.ኤ.አ. ግን የማይክሮኔዥያው መርከበኛ ማው ፒያይሉግ ሆኩሌአ የተባለችውን ባለሁለት አካል ጀልባ ያለ ምንም መሣሪያ ከሃዋይ ተነሥቶ ወደ ታሂቲ መርቶ አደረሰ፤ መንገዱ ከ4,000 ኪሎ ሜትር ይበልጣል።

ማካቴያ የምትባለው ደሴት እስካሁን ካየናቸው ደሴቶች ሁሉ የተለየች ናት። የታሂቲና የሞኦሬያ ተራሮች ክብደት የምድርን ቅርፊት ወደ ታች ሲያጎብጠው ዙሪያው ወደ ላይ ተነሣ፤ ማካቴያም ከእነ አጥሯ ከ100 ሜትር በላይ ወጥታ ቆመች።  ከባሕር የተለየ ኮራል ማየት የሚሻ ኢትዮጵያዊ ግን ፓስፊክ ድረስ መሄድ አያስፈልገውም። የዛሬ 125,000 ዓመት ገደማ ቀይ ባሕር የደናክልን ዝቅተኛ ሥፍራ ሞልቶት ነበርና የዚያ ዘመን ኮራል በአፋር በረሃ ዳርቻ ደርቆ ቆሞ ይገኛል።

ወደ አቶሎቹ ስንመለስ፣ በአቶል ላይ ወንዝ የለም። የሰዎቹ ሕይወት የተንጠለጠለው በዝናብ ላይ ነው፤ ወደ አሸዋው የሰረገው ዝናብ ከጨዋማው ውሃ ስለሚቀልል በላዩ ይንሳፈፋል። አውሎ ነፋስ ባሕሩን በደሴቱ ላይ ሲያሻግረው ይህ ውሃ ለወራት ጨዋማ ሊሆን ይችላል።

ባሕሩ ከፍ እያለ ነውና እነዚህ ቀለበቶች ይሰጥማሉ ወይ የሚለው ጥያቄ በተደጋጋሚ ይነሣል። በታሂቲ ዳርቻ ከተቆፈረ ኮራል የተገኘው ታሪክ እዚህ ላይ ይረዳል። ከ14,600 ዓመት በፊት በረዶ ሲቀልጥ ባሕሩ በ350 ዓመት ውስጥ ከ14 እስከ 18 ሜትር ከፍ ብሏል፤ ዛሬ ከሚታየው በዓመት 4 ሚሊ ሜትር ገደማ አሥር እጥፍ ይፈጥናል። የታሂቲ ኮራል ግን ያንን ዘመን ተሻግሯል። ጤነኛ ኮራል ከባሕር ጋር መሽቀዳደም ያውቅበታል፤ የኔ ስጋት ጤናው ላይ ነው። ውሃው ከለመደው በአንድ ዲግሪ ብቻ ሞቆ ለሳምንታት ሲቆይ ኮራሉ አልጌዎቹን ያስወጣል፤ ይነጣል፤ ሙቀቱ ካልበረደ በረሃብ ይሞታል።

የሞኦሬያ የውጪ አጥር ለዚህ የቅርብ ምስክር ነው። ከ2006 እስከ 2010 እ.ኤ.አ. እሾሃማ የባሕር ኮከቦች ኮራሉን በሉት፤ በ2010 እ.ኤ.አ. ኦሊ የተባለው አውሎ ነፋስ የቀረውን ሰባበረው። ወለሉ ራቁቱን ቀረ ማለት ይቻላል። ሆኖም ዓሦቹ አልጌውን ስላጸዱለት አዲስ ኮራል ሰፈረበትና በአሥር ዓመት ባልሞላ ጊዜ አገገመ። በ2019 እ.ኤ.አ. የሞቀ ውሃ መጥቶ እንደገና አነጣው፤ ብዙ ትልልቅ ኮራሎችም ሞቱ። በደሴቲቱ ያሉ የምርምር ጣቢያዎች አሁን ዓመት በዓመት የሚከታተሉት በሁለት የሙቀት ክስተቶች መካከል የሚቀረው ጊዜ ኮራሉ ለማገገም ከሚያስፈልገው ያጥር እንደሆነ ነው።