ያውቁ ኖሯል? በመተማ አናት ላይ የሚያልፈው ረጨት

የመተማ ከተማ ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ13 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ ሞላላ ቅርጽ ካላቸው ግዙፍ ረጨቶች ወይም ጋላክሲዎች አንዱ የሆነው ኤም 87፣ በመጋቢት ወር እኩለ ሌሊት ገደማ በአናቷ ትይዩ ያልፋል።

በዐውደ ነገሥት «ሰንቡላ» በሚባለው የከዋክብት ምድብ አቅጣጫ የሚገኘው ይህ ረጨት ከምድር 54 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል የሚርቅ ሲሆን፣ 12,000 ያህል ሉላዊ የከዋክብት ክምችቶች እንደሚከቡት ይገመታል። እነዚህ ክምችቶች በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ፣ አብዛኛውን ጊዜም ከ10 ቢሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ ያላቸው ከዋክብት በስበት ኃይል ተሳስረው እንደ ኳስ የተጠጋጉባቸው ስብስቦች ናቸው። ምድር በምትገኝበት በፍኖተ ሐሊብ ዙሪያ ግን የታወቁት ከ150 ጥቂት ይበልጣሉ። ሊቃውንት ለዚህ ልዩነት ከሚሰጧቸው ዋና ምክንያቶች አንዱ፣ ግዙፎቹ ሞላላ ረጨቶች ትናንሾቹን እየዋጡና ክምችቶቻቸውን እየወረሱ ማደጋቸው ነው።

ኤም 87 ያለ መሣሪያ ባይታይም፣ 10 ሚሊዮን ያህል ከዋክብት የያዘው የፍኖተ ሐሊብ ትልቁ ሉላዊ ክምችት፣ ኦሜጋ ሴንታውሪ፣ ሰማዩ በጠራና ጨረቃ በሌለችበት የግንቦት ምሽት ከመተማ ቆላ በስተደቡብ እንደ ደብዛዛ ኮከብ ሆኖ በዐይን ይታያል።