ብሩ በመስከረም፣ ሣሩ በመጋቢት

በበዓል ዋዜማ አዲስ አበባ፣ ኦሎምፒያ ላይ ሣር ይሸጣል። አስፋልቱ ዳር ማዳበሪያ ተነጥፎ ቄጠማ ይከመራል፤ አንዲት ልጅ እንዳይጠወልግ ውኃ ትረጨዋለች። ጠዋት የተጠራው ዋጋ እኩለ ቀን ላይ ይጨምራል፤ አመሻሽ ላይ ደግሞ የተረፈው በተገኘው ይለቀቃል። ለቡና የሚጎዘጎዝ እፍኝ ሣር ዋጋው በአንድ ቀን ሦስት ጊዜ ሲቀያየር የሚያየው የከተማ ሰው «የግጦሽ መሬት ትክክለኛ ኪራይ ስንት ነው?» ሲባል ግን አንድ ቁጥር ይጠብቃል። በሄክታር ይህን ያህል፣ በቃ።

ጥያቄው ወተት በተወደደ ቁጥር ይመለሳል። ወተት አምራቹ መኖ ተወደደብኝ ይላል። መኖ ነጋዴው ድርቆሽ ተወደደብኝ ይላል። ድርቆሹን በአይሱዙ ጭኖ በሰንዳፋ ወይም በሱሉልታ በኩል የሚያስገባው ሰው ደግሞ ባለመሬቶቹ ጨመሩብኝ ይላል። ሰንሰለቱ እዚያ ላይ ይቆማል። ባለመሬቷን ማን ጨመረባት ብሎ የሚጠይቅ የለም። ከዚያ ክርክሩ ወደ ሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ወገን መንግሥት ጣሪያ ያብጅለት ይላል፣ ሌላው ገበያው ያውቃል ይላል። ሁለቱም የሚነጋገሩት ስለ ዋጋው መጠን ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ገንዘቡ የሚቆጠርበት ቀን ነው።

ሕጉ ብዙም አያግዝም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም ቢልም ማከራየትን አልዘጋም። ዝርዝሩ በክልሎች ሕግ ተቀምጧል። ለምሳሌ በ1999 ዓ.ም የወጣው የኦሮሚያ የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 130 አንድ ገበሬ ከይዞታው ከግማሽ በላይ እንዳያከራይ፣ በባህላዊ መንገድ ለሚያርስ ደግሞ ውሉ ከ3 ዓመት እንዳይበልጥ ገድቧል። አማራ ክልል በ2009 ዓ.ም ባወጣው አዋጅ ቁጥር 252 ረጅም የኪራይ ዘመን ፈቅዷል። ስለ መጠኑና ስለ ዘመኑ ብዙ ተጽፏል፤ ዋጋውና የአከፋፈሉ ጊዜ ግን ለተዋዋዮቹ ተትቷል። ለተዋዋዮች መተው ደግ ነገር ነው፣ ተዋዋዮቹ እኩል ከቆሙ።

እኩል አይቆሙም። እዚህ ላይ የከተማው ልምድ ያሳስተናል። ኦሎምፒያ ላይ አከራይ ማለት ፎቅ ያለው ሰው ነው፤ ተከራይ ማለት ሻንጣውን ይዞ የሚዞር። ገጠር ውስጥ ነገሩ ብዙ ጊዜ የተገላቢጦሽ ነው። መሬቱን ኮንትራት የሚሰጠው በሬ የሌለው፣ ጉልበት የደከመው፣ ባሏ የሞተባት፣ ልጆቿ ከተማ የገቡባት ነው። ተከራዩ ከብት ያለው፣ ገንዘብ በእጁ ያለው፣ ደላላ የሚያውቅ ነው።

አንድ ዘመዴ ከሸኖ ወጣ ብሎ ያላት መሬት ሁለት ጥማድ ገደማ ጨፌ ነው። በየዓመቱ ለሣር ትሰጠዋለች። አንድ መስከረም ላይ ተከራዩ ሲመጣ እዚያው ነበርኩ። ከደጃፏ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ስለ ዝናቡ አወራ፣ ስለ ልጆቿ ጠየቀ፣ ከዚያ «እትዬ፣ እንደ አምናው ይሁንና ብሩን አሁኑኑ ልቁጠርልዎት» አለ። አምና ስንት እንደነበር አልተከራከረችም። የጠየቀችው «ሙሉውን ነው?» ብላ ብቻ ነው። ሙሉውን ነበር። በዚያው ሳምንት ለሁለት የልጅ ልጆች ምዝገባና ደብተር ከፈለች፣ ለመስቀል የገባችበትን የቅርጫ ዕዳ ዘጋች፣ የተረፈው በመቀነቷ ተቋጠረ። መጋቢት ላይ ደውዬ ሳገኛት ለአንዲት ላሟ ድርቆሽ እየገዛች ነበር። በእስር የምትገዛው ከራሷ ጨፌ የታጨደውን ሣር ይሁን የሌላ ሰው እሷም አታውቅም፤ የሻጩ ዋጋ ግን ከፍ ብሏል።

ይህ ግብይት ኪራይ ይባል እንጂ ሥራው የብድር ነው። አማርኛ ለዘመዱ ቀድሞ ስም አውጥቶለታል፦ ወለድ አገድ። ተበዳሪው መሬቱን ያስይዛል፤ አበዳሪው ወለድ አይጠይቅም፤ ብሩ እስኪመለስለት መሬቱን ይጠቀምበታል። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሳይቀር አንቀጽ ሰጥቶታል። የሣር ኮንትራቱ ከዚህ የሚለየው ብሩ ተመላሽ አለመሆኑ ነው። ዋናውም ወለዱም የሚከፈለው በሣር ነው፤ ወለዱ ደግሞ ኪራዩ ውስጥ ስለተሸሸገ አይታይም።

እንዲታይ ኪራዩን በእስር እንቁጠረው። አንድ ሄክታር መካከለኛ የተፈጥሮ ግጦሽ በዓመት ወደ 2 ቶን ደረቅ መኖ ይሰጣል ተብሎ ይሰላል፤ ጥሩ ጨፌ ከዚህ በላይ። 250 ኪሎ የሚመዝን አንድ ከብት በዓመት የሚበላው ደግሞ ወደ 2.3 ቶን ነው። ማለትም አንድ ሄክታር ተራ ግጦሽ አንድ ከብት ዓመቱን ሙሉ ለመያዝ እንኳ ይቸገራል። በ15 ኪሎ እስር ብናስበው ከሄክታሩ 133 እስር አካባቢ ይወጣል። አጨዳ፣ ማሰር፣ ማጓጓዝና ጥበቃ የ33 እስር ዋጋ ወሰደ እንበል። 100 ይቀራል። በእኩል ቢካፈሉ ለባለመሬቷ 50 ይደርሳታል። መስከረም ላይ የምትቀበለው ብር በመጋቢት ገበያ 30 እስር ብቻ የሚገዛ ከሆነ፣ ስድስት ወር ቀድማ ገንዘብ ለማግኘት 20 እስር ከፍላለች። ከ30ው አንጻር ሁለት ሦስተኛ መሆኑ ነው። ቁጥሮቹን ለስሌት ያህል ያቀረብኳቸው ናቸው፤ ማንም ባለመሬት የራሱን ቦታ ቁጥር እየተካ ሊሞክራቸው ይችላል።

ለተከራዩም ልፍረድ። ያቺ 20 እስር ሁሏም ትርፍ አይደለችም። ኅዳር ላይ ያለ ጊዜው ዝናብ ቢጥል የታጨደው ሣር ይሻግታል፤ ክምሩ ሊቃጠል ይችላል፤ የበልግ ዝናብ ቀደም ብሎ ቢመጣ የድርቆሽ ዋጋ ይወርዳል። ይህን ሁሉ የሚሸከመው እሱ ነው። ጥያቄው አደጋውን በመሸከሙ ስንት ተከፈለው፣ የሰውን ችግር ቀኑን ጠብቆ በመድረሱስ ስንት ተከፈለው የሚለው ነው። በአንድ ድፍን ዋጋ ውስጥ ሁለቱ አይለዩም።

ነገሩን የሚያወሳስበው የወተቱ የራሱ የቀን መቁጠሪያ ነው። ሣር መስከረም ላይ በየሜዳው ነው፤ ርካሽ ነው። ጥቅምትና ኅዳር ይታጨዳል። ታኅሣሥና ጥር ጭዱ ስላለና ከብቱ በታጨደ ማሳ ላይ ስለሚለቀቅ ጭንቀቱ ያን ያህል አይደለም። እጥረቱ የሚጠናው ከየካቲት እስከ ግንቦት ነው። ልክ በዚያው መካከል ዐቢይ ጾም ይገባል፤ 55 ቀን። ላሟ በጣም ውድ የሆነውን ድርቆሽ በምትበላበት ወቅት ወተቷን የሚፈልገው ሰው ይቀንሳል። ኦሎምፒያ ካፌ ውስጥ «የጾም ማኪያቶ» የሚለው ትእዛዝ ሲበዛ፣ ከከተማው ምሥራቅ ዳር ላም ያሰረ ሰው ካዝናው ባዶ ነው። ስለዚህ «ኪራዩ በበጋ ይከፈል» የሚለው ቀላል መፍትሔ ራሱ ችግር አለበት። የሣሩ፣ የባለመሬቷና የወተቱ ወቅት አልገጠሙም፤ በመካከላቸው ያለውን ክፍተት የሚሞላው ገንዘብ ያለው ሰው ነው፤ የሞላበትንም ዋጋ ያስከፍላል።

የቤት ኪራይን አዋጅ አስታውሱ። በ2016 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 1320 የቤት ውል ቢያንስ ለሁለት ዓመት እንዲሆን፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ደነገገ። ሕግ አውጪው ቅድሚያ ክፍያ ማለት ደካማውን ወገን መጭመቂያ መሆኑ ገብቶታል። ለኦሎምፒያ ተከራይ እውነት ነው። ይህንኑ አስተሳሰብ ወደ ጨፌው ብንወስደው ግን ባለመሬቷን እንጎዳለን፤ እዚያ ቅድሚያውን የምትለምነው አከራይዋ ናት። ጣሪያ ብናበጅ ብድሩ ከኪራይ ስም ወደ ሌላ ስም ይዛወራል እንጂ አይጠፋም። ምናልባትም ይብስበታል።

የዋጋው መርከስ መዘዝ ደግሞ ከአንድ ቤተሰብ ያልፋል። ለሣር ሲሰጥ የማያዋጣ መሬት ይታረሳል፣ ወይም ባሕር ዛፍ ይተከልበታል። በፎገራ ሜዳ፣ የፎገራ ከብት በተባለበት አገር፣ ግጦሹ በሩዝ እየተተካ መሄዱን የሚያውቅ ያውቀዋል። ሩዙ በከንቱ አልመጣም፤ የተሻለ ከፍሏል። ኮንትራት የተሰጠው ጨፌም ቢሆን አይጠበቅም። የአንድ ዓመት ውል ያለውና ሙሉውን የከፈለ ሰው ሣሩን እስከ ሥሩ አጭዶ፣ ከዚያ በቀረው ላይ ከብት ቢለቅ የሚከለክለው ቃል የለም። ስንት ከብት እንደሚገባ አይጻፍም፣ መቼ እንደሚወጣ አይጻፍም። እበቱ የማን እንደሆነ እንኳ አይጻፍም። ኩበት ለምትጠፈጥፍ ሴት እበት የዓመቱ ማገዶ፣ ከተረፈም ገበያ የሚወጣ ነው፤ ዝም የተባለበት እበት ሳይቆጠር ኪራዩ ውስጥ አብሮ ይሄዳል።

ከሌላ አገር አንድ ነገር መዋስ ይቻላል። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት በይዞታው ላለ ግጦሽ የሚያስከፍለው በእንስሳና በወር ቆጥሮ ነው፦ አንዲት ላም ከነጥጃዋ፣ ለአንድ ወር። የስሌቱ ቀመር በ1978 እ.ኤ.አ. በሕግ የተቀመጠ ሲሆን፣ ከ1.35 ዶላር በታች እንዳይወርድ ወለል ተበጅቶለታል። ክፍያው የግል ባለመሬቶች ከሚጠይቁት እጅግ ያነሰ ነው እየተባለ ለአሥርት ዓመታት ሲያጨቃጭቅ ኖሯል፤ ዋጋውን ለመዋስ አይመከርም። መለኪያው ግን ብልህ ነው። ወር ከተቆጠረ ወቅቱ ይታያል፤ እንስሳ ከተቆጠረ የመሬቱ አቅም ይታያል።

የራሳችንም አለ። በመንዝ የጓሳ ሣር የቄሮ ሥርዓት በሚባለው ደንብ ለዘመናት ሲጠበቅ ዋናው ጉዳይ ዋጋ አልነበረም። ጓሳው መቼ ይዘጋል፣ መቼ ይከፈታል የሚለው ነበር፤ የጊዜውን ነገር የሚወስን አባት ተሹሞለት ነበር። ሥርዓቱ የተዳከመው ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ነው። ያን ሥርዓት እንዳለ እንመልሰው የሚል የለም፤ ባለርስቱን ከሌላው ይለይ ነበር። ግን ሣርን ቀን ጠብቆ የሚጠቀሙበት ሀብት አድርጎ ማየቱ ዛሬም ያስፈልገናል።

እንግዲህ ትክክለኛ ኪራይ ማለት ምን ይሁን? ለእኔ ቢያንስ ሦስት ነገር የተጻፈበት ውል ነው። አንደኛ፣ ዋጋው በእስር ወይም በእንስሳና በወር የተሰላ፤ ብሩ ከዚያ የሚመነዘር። ሁለተኛ፣ ክፍያው የተከፋፈለ፦ የተወሰነው መስከረም ላይ፣ ቀሪው ከፋሲካ በኋላ ወተት ገበያ ሲመለስ፣ በዚያ ሰሞን ባለው የድርቆሽ ዋጋ። ሦስተኛ፣ የሚገባው ከብት ብዛትና የሚወጣበት ቀን። ለመነሻ ዋጋ ደግሞ ትምህርት ቤቶችና መሥሪያ ቤቶች የግቢያቸውን ሣር በጨረታ ሲሸጡ የሚወጣውን ዋጋ መጠየቅ ይቻላል፤ ስለ ሣር በአደባባይ የሚነገር ዋጋ ቢኖር እሱ ነው።

ይህንን ለዘመዴ ስነግራት አልተከራከረችኝም። «ከፋሲካ በኋላ ባይመጣስ?» አለች ብቻ። ወረዳ ፍርድ ቤት ለመሄድ የሥራ ቀን ይባክናል፣ ትራንስፖርት አለ፣ ምስክር አለ። እጇ ላይ የገባ ብር አይከራከራትም። ለዚህ መልስ የሌለው የኪራይ ሐሳብ ሁሉ የከተማ ሐሳብ ነው፣ የእኔንም ጨምሮ።

ስለዚህ የኪራዩ ክርክር በስተመጨረሻ ወደ ብድሩ ክርክር መምጣቱ አይቀርም። በአማራ ክልል የብድርና ቁጠባ ተቋም የነበረው አብቁተ ጸደይ ባንክ ሆኗል፤ የኦሮሚያው ብድርና ቁጠባ ሲንቄ ባንክ ሆኗል። በ2016 ዓ.ም የወጣው የፌዴራል የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 1324 ደግሞ ገበሬው የመጠቀም መብቱን ለብድር ዋስትና እንዲያውል በር ከፍቷል። በሩ ለሁለት ጥማድ ጨፌና ለአንዲት ባልቴት ይሰፋል ወይ የሚለውን እጠራጠራለሁ፤ ብድሩ ካልተመለሰ ሣሩ በባንክ በኩል ለዚያው ሰውዬ ሊሄድ ነውና። ግን ለደብተርና ለቅርጫ የሚበቃ ትንሽ ብድር ነሐሴ መጨረሻ ላይ ተሰጥቶ መመለሻው ግንቦት ላይ ቢሆን፣ ዘመዴ ተከራዩ ሲመጣ ሌላ ጥያቄ ልትጠይቅ ትችላለች። «ሙሉውን ነው?» ከማለቷ በፊት «ስንት እስር ይወጣዋል?» ትላለች።